የሐይቅ ዳር ደላላና ጌታው

በዚህ ዘመን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል የሚረግመው ሥራ ቢኖር ድለላ ነው። የቤት ኪራይ ቢወደድ ደላላ ነው ይባላል፤ በሬ ቢወደድ ደላላ ነው ይባላል፤ እህል ከገበያ ቢጠፋም ያው ደላላ ነው ይባላል። እኔም ከረጋሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። ዳሩ ግን እርግማን ቀላል ነገር ነው፤ ረጋሚው ራሱን ከተረጋሚው ለይቶ ንጹሕ ያደርግበታልና። ስለዚህ አሁን ስለ ሐይቅ ዳር ደላላ ስጽፍ፣ አስቀድሜ የሚገባውን ፍርድ ልስጠው፤ ቀጥዬ ጥፋቱን ልግለጥ፤ በመጨረሻም የጥፋቱ ተካፋይ ሆኖ ሳለ ስሙ የማይነሣውን ሰው ላመለክት አስባለሁ።

ድለላ በራሱ ነውር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን በስሙ ጠርቶ ከነጋዴ ወገን ቈጥሮት ነበር፤ ሥራውም ሊዋዋሉ የሚፈልጉ ሰዎችን ማገናኘት ነው። ቤት የምታከራይ መበለት ተከራይዋን በየመንገዱ ዞራ ልትፈልግ አትችልም፤ ለሥራ ተዛውሮ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር የመጣ እንግዳም የማንን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። እኒህን ሁለቱን ያገናኘ ሰው ደክሟል፤ ለድካሙም ዋጋ ይገባዋል። ይህን የሚክድ ሰው የላብን ዋጋ ይክዳል። እኔ የምጣላው ከሥራው ጋር ሳይሆን፣ ሥራው ሁለት ምላስ ካወጣ በኋላ ከሚሆነው ነገር ጋር ነው።

ቆላ ድባ የደምቢያ ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ ጣና የሚወርድ ሰው በእርስዋ በኩል አልፎ ጎርጎራ ይደርሳል። ጎርጎራ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አፄ ሱስንዮስ የተቀመጡበት፣ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚገኝበት የሐይቅ ዳር አገር ነው። የደምቢያ ጥቁር አፈር ክረምቱ ካለፈ በኋላ በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራ የሚያበቅል፣ ጤፍና ነጭ ሽንኩርት የሚሰጥ አፈር ነው። የአገሩ ሰው መሬትን ሲያመሰግን «ይህን ያህል ያበቅላል» ይል ነበር እንጂ «ይህን ያህል ያሳያል» ብሎ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ግን መንግሥት «ገበታ ለሀገር» ባለው ዕቅድ ጎርጎራን ከወንጪና ከኮይሻ ጋር መረጠ፤ በሐይቁም ዳር ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ መሬት ሁለተኛ ዋጋ አገኘ፤ ይኸውም የዓይን ዋጋ ነው። ውኃው የሚታይበት ጭንጫ፣ ውኃው ከማይታይበት ለም እርሻ በለጠ። ደላላም በዚህ መካከል ተወለደ።

የደላላውን ውሎ ላያችሁት ሰዎች አስደሳች አይደለም። በማለዳ ይነሣል፤ የሚይዘው ሞፈር ወይም መረብ ሳይሆን ሁለት ስልክ ነው። ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ ካለው ቡና ቤት ይቀመጥና ጆሮውን ይከፍታል። ማን ሞተ? ማን ተካሰሰ? የማን ልጅ ታመመ? የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ማን ነው? ሠርግ የደገሰው ማን ነው? ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ «እግዜር ይርዳው» ብሎ ያልፋል፤ እርሱ ግን መዝግቦ ይይዘዋል። ገበሬ ዝናብን ጠብቆ እንደሚዘራ፣ እርሱም የሰውን ችግር ጠብቆ ያርሳል። ከረፋዱ ላይ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ቢገኝ፣ በባጃጅ አሳፍሮ ወደ ውኃው ይወስደዋል፤ ከቀትር በኋላ ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ሲመሽ ደግሞ «ገዢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ከሚል ሌላ ደላላ ጋር ይጣላል። አሥራ አምስት ቀን ባዶ እጁን የሚገባበትም ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜም ይህ ሰው ራሱ የገበሬ ልጅ ነው፤ ተምሮ ሥራ ያጣ፣ የአባቱ መሬት ለወንድሞቹ እንኳ አልበቃ ያለ ወጣት ነው። ይህን ሳያውቁ እርሱን መውቀስ ግፍ ነው።

ነገር ግን ድኽነት ሁለት ምላስ እንዲኖረን አይፈቅድም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ውጊያ ተነሥቶ እንግዳው በቀረ ጊዜ ደላላው የሚለውን ስሙ። ለገበሬው «አባቴ፣ ጊዜው ክፉ ነው፤ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ መሬቱን መንግሥት ለልማት ብሎ ቢወስደው የሚሰጥዎ ካሣ ትንሽ ነው፤ ዛሬ ብሩን ይያዙ» ይለዋል። ያንኑ ቀን ለገዢው «ጌታዬ፣ አሁን ነው መያዝ፤ ሰላም ሲሆን እጥፍ ያወጣል» ይለዋል። ለአንዱ ነገ የለም፤ ለሌላው ነገ ወርቅ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው እነዚህን ሁለት ቃላት ቢሰሙ ኖሮ ገበያው በዚያው በፈረሰ ነበር። የደላላው ጥበብ እንግዲህ ሁለቱን በአንድነት አገናኝቶ በልባቸው እንዲለያዩ ማድረግ ነው። ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት በመቶ ይቀበላል፤ አንዳንዱም ሻጩ ከጠራው ዋጋ በላይ የጨመረውን በስውር ለራሱ ያስቀራል። ሁለት ጌታ ያለው አገልጋይ አንዱን መካዱ አይቀርም፤ ይህኛው ግን ሁለቱንም ይክዳል።

ገዢውም ከመታለል አይድንም። የጣና ውኃ በበጋ ይሸሻል፤ በክረምት ይመለሳል። ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት የአገሩ ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ ይዘራበታል፤ ከብቱንም ያሰማራበታል። ደላላው ታዲያ የከተማውን ሰው በግንቦት ያመጣውና አረንጓዴውን ሜዳ ያሳየዋል። በመስከረም ያ ሜዳ ሐይቅ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ያህል የሚስማማበት ቦታ አላውቅም። ደንገል የሚበቅልበት፣ ዓሣ የሚራባበት ረግረግ የማንም ሰው የግል ገንዘብ አይደለም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም ሲወርረው የደምቢያ ሰው በእጁ እየነቀለ የታገለው፣ ዳርቻው ተሸንሽኖ በቆርቆሮ እንዲታጠር አልነበረም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ወረቀቱ ነው። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከግል ባለቤትነት ወጥቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ከልክሏል። ገበሬው የማረስና የመጠቀም መብት አለው፤ በሕግ በተወሰነ መንገድ ሊያከራይ፣ ለልጁም ሊያወርስ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይችልም። ይህ ሕግ መልካም ነው ወይስ መጥፎ ነው ብለው የሚከራከሩ ብዙ ናቸው፤ ክርክሩም በአደባባይ ቢደረግ ደግ ነው። ደላላው ግን ሕጉን አይከራከርም፤ ስም ይለውጥለታል። ሽያጩን ብድር ይለዋል፤ ወይም ስጦታ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ገዢውን አይቶት የማያውቅ ሽማግሌ «ስለ ውለታው መሬቴን ሰጥቼዋለሁ» ብሎ በነጭ ወረቀት ላይ ጣቱን ያትማል። በአማራ ክልል በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል፤ ለሁለቱም ፎቶግራፍ ቦታ አለው። ነጩ ወረቀት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የባል ጣት ብቻ ይገኛል። ሚስቲቱ ነገሩን የምትሰማው ሜትር ተይዞ ሲለካ ነው።

እንዲህ ያለው ውል ክርክር ተነሥቶበት ፍርድ ቤት ቢደርስ ፈራሽ ነው ይባላል፤ ተዋዋዮቹም ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይባላል። እንዴት ይመለሳሉ? ገበሬው ብሩን በልቶታል፤ ገዢው ግንቡን አቁሟል። ከሁለቱ መካከል አንዳች ያላጣው ደላላው ብቻ ነው። ድርሻውን በዚያው ቀን ተቀብሎ ሄዷልና።

የብሩም ነገር የታወቀ ነው። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሲለውጥ ርቦት ነበር፤ ወጡም ለአንድ ቀን አጠገበው። መሬቱን የሰጠ ገበሬ ባጃጅ ይገዛል፤ ወይም በከተማ ጠባብ ቤት ይሠራል፤ ወይም ዕዳ ይከፍልና ልጁን ይድራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ የቀድሞ እርሻውን በሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆቹም ርስት በነበረው አገር እንግዳ ይሆናሉ። አባቶቻችን በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ሲሉ፣ ርስት ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚረዝም ነገር መሆኑን ማመልከታቸው ነበር።

እስካሁን ያልሁትን ሁሉ ብዙ ሰው ይስማማበት ይሆናል። የሚቀጥለውን ግን በደስታ የሚያነበው አይመስለኝም፤ እኔም በደስታ አልጽፈውም። ከውጊያው በፊት በአንድ የበጋ ቀን እኔ ራሴ ከደላላ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ነበር። ባለመሬቱ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው ተቀበሉን፤ ቡናም ተፈላ። ደላላው ስለ ነፋሱና ስለ ፀሐይ መጥለቂያው ሲያወራ ሚስትዮዋ ከበሩ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ኋላ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ከውኃው ደጅ ቤት ትሠራለህ አሉ፤ ደግ ነው። ከብቶቻችን ግን በየት ወርደው ይጠጣሉ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ደላላው ፈጥኖ «እናቴ፣ መንገድ ይተውላችኋል» አለ። እኔን አልጠየቀኝም። እኔም ቢጠይቀኝ ኖሮ መንገድ የመተው አሳብ አልነበረኝም፤ በዚያች ሰዓት በልቤ የማስበው አጥሩ እስከ የት እንደሚደርስ ነበር።

መሬቱን አልገዛሁትም። ዳሩ ግን ይህን ጽድቅ አድርጋችሁ አትቍጠሩልኝ፤ ዋጋው ከአቅሜ ስላለፈ ነው የተውሁት። ከዓመት በኋላ በዚያ ባልፍ ቦታው እስከ ውኃው ድረስ በቆርቆሮ ታጥሮ አየሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደላላን ብቻ መርገም አልቻልሁም። ደላላው ምላስ ነው፤ እጁ ግን የገዢው ነው። የሐይቅ ንፋስ የሚሻ፣ ደመወዝ ያለው፣ የተማረ፣ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ወይም በጁምዓ መስጊድ የማይጠፋ ሰው፣ የሽማግሌውን ጣት ቀለም የሚነክረው እርሱ ነው። ውሉ ሐሰት መሆኑን ያውቃል፤ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይላል። ሚስትዮዋ አለመጠየቃቸውን ያውቃል፤ «የእነርሱ የቤት ጉዳይ ነው» ይላል። ርካሽነቱ ከምን እንደመጣ ያውቃል፤ «ገበሬው ወዶ ሸጠ» ይላል። የተራበ ሰው የሚወድደውን ሁሉ ፈቃድ ብለን ከጠራነው ግን ቀማኛ የሚባል ሰው በምድር ላይ አይገኝም።

«ገበሬው ለደላላ ባይሸጥ መንግሥት በትንሽ ካሣ ይወስድበት የለምን?» የሚለኝ ይኖራል። ይህ ጥያቄ እውነት አለበት፤ አልሸሸውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ለሚነሣው ባለይዞታ ካሣና መቋቋሚያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ገበሬው በዚህ ትእዛዝ ቢተማመን ኖሮ የደላላው ማስፈራሪያ ባልያዘው ነበር። ሹም የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ ካሣ በዘገየ ቍጥር፣ ደብተር ያለ እጅ መንሻ አልወጣ ባለ ቍጥር፣ የደላላው ሸቀጥ ይበዛል። ፍርሃት የሚሸጠው ፍርሃት ባለበት አገር ነውና። ነገር ግን የሹሙ በደል የእኛን በደል አያነጻም፤ ቤቱ የሚቃጠልበትን ሰው ዕቃ በርካሽ የገዛ ሰው እሳቱን ያነሣሁት እኔ አይደለሁም ቢል ማን ይፈርድለታል?

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ደላላ ሆይ፣ ዋጋህን በሁለቱ ፊት ተናገር፤ ለአንዱ ያልኸውን ለሌላው ድገም፤ ሚስት ባልተቀመጠችበት ሸንጎ አትቀመጥ፤ ሕግ የማያውቀውን ወረቀት አትጻፍ። የቤት ኪራይና በሕግ የተፈቀደ የቤት ሽያጭ ላንተ እንጀራ አያንስህም። ገዢ ሆይ፣ የሐይቅ ንፋስ ከወደድህ ከገበሬው በሕግ ተከራይ፤ ወይም በእንግዳ ማረፊያ እደርና ዋጋውን ክፈል፤ ልጆቹ ባለአገር ሆነው ይቆዩ። ከምንም በፊት ግን ሽማግሌውን ሳይሆን በበሩ የቆሙትን ሴት ጠይቅ።

ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን ወይን በፈለገ ጊዜ በገንዘብ ሊገዛው፣ ወይም በተሻለ ወይን ሊለውጠው ጠይቆ ነበር። ናቡቴ ግን የአባቶቼ ርስት ነው ብሎ እንቢ አለ፤ ኋላም በሐሰት ምስክር ተገደለ። የሐሰቱን ደብዳቤ የጻፈችው ኤልዛቤል ነበረች፤ ነቢዩ ኤልያስ ሊወቅስ የተላከው ግን ወደ አክዓብ ነው። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ጻፈው፤ ወይኑን የሚፈልገው ግን ማን እንደ ነበረ በሰማይ የታወቀ ነበር።