የጾም ማዕድ ማጣፈጫ

በዐቢይ ጾም መካከል አንድ አረጋዊ አባታችን ከምስር ወጡ ሁለት ጉርሻ ወስደው እጃቸውን ሰበሰቡ። ታመው አልነበረም፤ የዕለት ዕለቱ ጣዕም ሰልችቷቸው ነው እንጂ። በሀገራችን ስልጆና ስናፍጭ የጾሙን ማዕድ ያጣፍጡልን ነበር፤ በኢየሩሳሌም ግን ሁልጊዜ ከእጃችን አይገኙም። ስለዚህ ዐረብ ጎረቤቶቻችን «ሙኸለል» የሚሉትን፣ በጨው ውኃ የኮመጠጠ አትክልት፣ ራሳችን ማዘጋጀት ጀመርን።

አመሻሽ ላይ ወደ ኻን አዝ-ዘይት ገበያ ወርደን፣ ዋጋው የቀነሰውን ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና «ሊፍት» የተባለውን ነጭ ሥር እንገዛለን። አጥበንና ቆራርጠን ከነጭ ሽንኩርት ጋር አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ እንሞላለን። አንድ ቁራጭ ቀይ ሥርም እንጨምራለን፤ ነጩን ሁሉ እንደ ጽጌረዳ የሚያቀላው እርሱ ነው። ለአንድ ሊትር ውኃ 30 ግራም ጨው ይበቃል። እኛ መጀመሪያ ጨው ቆጥበን፣ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ላሽቆና ሸትቶብን ደፍተናል። ከውኃው በላይ ብቅ ያለ አትክልት ይሻግታልና በፈላ ውኃ የታጠበ ድንጋይ ይጫንበት። በሳምንት ገደማ በራሱ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጤ አያሻውም። በብርድ ወራት ጥቂት ይዘገያል። ውኃው ቢደፈርስ አያስደንግጣችሁ።

የደም ግፊት ያለባችሁ አባቶችና እናቶች ግን አለቅልቃችሁ ጥቂት ብቻ ቅመሱ፤ ማለቅለቅ ጨውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

አረጋዊው አባታችን አሁን ገና ሲቀመጡ «ቀዩስ?» ይላሉ። ተሳላሚዎች ሆይ፣ ክዳን ያለው ባዶ ጠርሙስ ቢኖራችሁ አትጣሉት፤ ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ አኑሩልን።