ኔት ሲጠፋ ጉንደ ወይን በምን ይሰማል?



ሚያዝያ 2/2016 የዋለውን ዒድ አስታውሱት። በክልላችን ምክንያት ሐምሌ 28/2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከወጣ በኋላ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዒዱ መቼ ነው የሚለውን ሁሌ ከቴሌግራም የምናየው እኛ ያኔ ከየት እንስማ? ወይ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይደውላል፣ ወይ ሬዲዮ ይከፈታል፣ ወይ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ይኬዳል። «ማን ያየዋል» ብለን የተውነው የክልሉ ጣቢያ ያኔ ትዝ አለን።

ይህ ጣቢያ በ1987 ዓ.ም. በበኩር ጋዜጣ የጀመረው፣ ዛሬ አሚኮ የምንለው ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ ደግሞ እንደ ዓይን ነው፣ ቀጥታ ካላየ አይደርስም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጉንደ ወይን ልላክ ቢል መሐል ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጮቄ ቆሟል። ሪሌይ የሚባለው ማሰራጫ የሚተከለው ለዚህ ነው፦ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆኖ ከወዲያ ይቀበላል፣ ወደ ወዲህ ያቀብላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ለነዳጁ በጀት፣ ሲበላሽ ተራራ የሚወጣ ቴክኒሻን ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ከሥሩ ያለው ከተማ ሁሉ ይጨልማል።

«አሁን ዲሽ አለ፣ ሪሌይ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ዲሽ ጥሩ ነው፣ ግን የገዛ ብቻ ነው የሚያየው። ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ የሆነውን እናውቃለን። ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ዲሽ ወደ ምሥራቅ ዞረ፣ ለዲሽ ሠሪ እንደገና ተከፈለ። የመካን ሐረም በናይልሳት ማየት የለመደ ቤት ደግሞ ሁለተኛ ዲሽ መትከል ግድ ሆነበት። (ዲሽ ሠሪዎቹ ያን ሰሞን ጥሩ ሠርተዋል፣ አላህ ይጨምርላቸው።) አቅም የሌላቸው እናቶች ግን ቀሩ። በአንቴና ብቻ የሚያዝ ሥርጭት ለእነሱ ነው የሚያስፈልገው።

ሞጣ ለጉንደ ወይን ጎረቤት ናት። ታኅሣሥ 10/2012 እዚያ መስጊዶች ሲቃጠሉና የሙስሊም ሱቆች ሲዘረፉ ብዙዎቻችን የሰማነው በፌስቡክ ነበር። እውነቱና ውሸቱ፣ የዛሬው ፎቶና የሌላ አገር ፎቶ ተደባልቆ ነው የደረሰን። ሱረቱል ሑጁራት ላይ ወሬ አጣሩ ተብለናል። ማጣራት ግን ማጣሪያ ይፈልጋል። አንድ ወሬ በከተማው ሲነዛ «ቆይ፣ ጣቢያው ምን አለ?» ብሎ የሚከፍተው ነገር የሌለው ሰው በምን ያጣራል?

እዚህ ላይ ጣቢያውም አይቀርለትም። ሰው የሚያምነው የራሱን ድምፅ ሲሰማበት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሚዲያ የተለያዩ አስተያየቶችን የሚያስተናግድ እንዲሆን ያዛል። ሪሌይ ግን በባሕሪው አንድ አቅጣጫ ነው። የባሕር ዳርን ወደ ጉንደ ወይን ያመጣል እንጂ የጉንደ ወይንን ወደ ባሕር ዳር አይወስድም። የከተማችን ሙስሊም ነጋዴ ስለ መንገዱ፣ ተማሪዋ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ገበሬው ስለ ማዳበሪያው ሲናገር ካልታየ ተራራ ላይ የቆመው ብረት ለእኛ ብረት ብቻ ነው።

እና ወንድሞችና እህቶች፣ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ስብሰባ ሲጠራ ጥግ ይዘን ስልክ አንነካካ። እንጠይቅ። ሥርጭቱ ለኛ የሚመጣው ከየትኛው ተራራ ነው? ያለ ዲሽ ይያዛል ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል? ቢበላሽ ለማን ይደወላል? ጋዜጠኛ ወደዚህ የሚመጣውስ ባለሥልጣን ሲመጣ ብቻ ነው? ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ከኛ ጋር ቢጠይቁ ደስ ይለናል፣ የእነሱም አንቴና የሚያየው ያንኑ ተራራ ነው።