«ይውጣልኝ» ያልነው ንዴት አይወጣም

ኳስ የምንወድ ሰዎች አንድ የጋራ ሰበብ አለን። ዳኛውን ሰድበን፣ የተጋጣሚን ደጋፊ አዋርደን፣ ፔናሊቲ የሳተው ልጅ ገጽ ላይ ገብተን አፋችን ያመጣውን ጽፈን ስናበቃ «ባክህ፣ ይውጣልኝ ብዬ ነው» እንላለን። ንዴት እንደ ታፈነ እንፋሎት ነው፤ ክዳኑ ካልተከፈተለት ይፈነዳል ብለን ስለምናምን ስድቡ መድኃኒት ይመስለናል። እኔ ግን ይሄ መድኃኒት በሽታውን ያብሳል ባይ ነኝ።

ነገሩ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብራድ ቡሽማን ተማሪዎችን ሆን ብሎ አናደዳቸው። ከዚያ አንዱ ቡድን ያናደደውን ሰው እያሰበ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድብ አደረገ፤ ሌላው ቡድን ደግሞ ምንም ሳያደርግ ለጥቂት ደቂቃ ተቀመጠ። «ይውጣልህ» የተባለው ቡድን ንዴቱ ወጣለት? ጭራሽ! ከሁሉም የበለጠ ተናዶ የተገኘው እሱ ነው። ዝም ብለው የተቀመጡት ናቸው ጠበኝነታቸው ያነሰው። ለምን ቢባል፣ ንዴትን በተግባር መድገም ንዴትን መለማመድ ስለሆነ ነው። ልምምድ ደግሞ፣ ስፖርተኛ እንደሚያውቀው፣ ያጠነክራል።

ስፖርት ውስጥ ያለ ኃይል ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ባለሙያዎቹ ጠበኝነትን ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ዓላማ አለው፦ ቦክሰኛው ለማሸነፍ ይመታል። የሁለተኛው ግብ ግን ያንን ሰው መጉዳት ብቻ ነው። የዚዳንን ቴስታ ዩቲዩብ ላይ ያላየ የለም። እ.ኤ.አ. 2006፣ በርሊን፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ 110ኛው ደቂቃ። ማቴራዚ በቃላት ነካካው፤ ዚዳን ዞሮ ደረቱን በቴስታ መታው። ያቺ ቴስታ ጎል አላስቆጠረችም። ቀይ ካርድ አምጥታ የአንድን ታላቅ ተጫዋች የመጨረሻ ጨዋታ ቋጨች፤ ፈረንሳይም በፔናሊቲ ተሸነፈች።

ዚዳን ቢያንስ ካርድ የሚያወጣበት ዳኛ ነበረው። ደጋፊውስ? እ.ኤ.አ. በ1939 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጠበኝነት የሚወለደው የምንፈልገው ነገር ሲታገድብን ነው ብለው ነበር። ኋላ የመጡት ሐሳቡን አርመውታል፤ የተበሳጨ ሁሉ አይደባደብም። ለደጋፊ ግን ልክክ ይላል። ክለቡ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» የሚለው እሱ ነው፤ ሲሸነፍም የራሱ ያህል ያመዋል። ነገር ግን ኳሷን የሚነካበት እግር የለውም። የ90 ደቂቃ ብስጭት ተሸክሞ ሲወጣ እጁ ላይ ያለው ስልክ ብቻ ነው።

ያ ስልክ ምን እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2021 አይተናል። እንግሊዝ በዌምብሌይ የአውሮፓ ዋንጫን ፍጻሜ በፔናሊቲ በጣሊያን ስትነጠቅ፣ ራሽፎርድ፣ ሳንቾ እና ሳካ ገና ሌሊቱ ሳይነጋ የዘረኝነት ስድብ ዘነበባቸው። ሳካ 19 ዓመቱ ነበር። በኋላ እንደጻፈው፣ ምን ዓይነት ጥላቻ እንደሚጠብቀው ወዲያው አውቆት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ለሀገሩ ፔናሊቲ ለመምታት የደፈረ ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው የሚደርስበትን ስድብ ነው።

እዚህም ያለው የአርሰናል ደጋፊ በሳካ ጉዳይ አዝኖ ነበር። ግን የራሳችንን ኮሜንት እናንብብ። ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ ፉገራው ያምራል፤ እሱ ይቀጥል። ችግሩ ስድቡ ከማሊያ ወርዶ ብሔር ላይ፣ እናት ላይ፣ ሃይማኖት ላይ ሲያርፍ ነው። በዚህ ሀገር እንዲህ ያለ ቃል ከጨዋታው ጋር አያልቅም። ሰፈር ይገባል፣ ዶርም ይገባል፣ አብረው የሚበሉ ልጆችን ያለያያል። ጻፊው «ወጣልኝ» ብሎ ሲተኛ አንባቢው ላይ ይገባበታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ ብታጠፉት እንኳ ስክሪንሹት አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ? እ.ኤ.አ. በ2024 ቡሽማን ከባልደረባው ጋር ከ150 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ንዴትን የሚያበርደው ሰውነትን የሚያረጋጋ ነገር ሆኖ ተገኘ፦ በጥልቀት መተንፈስ፣ ዘና ማለት፣ ማሰላሰል። ቀላል ነው፣ በነፃ ነው፣ ዳታም አይበላም። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት። ከጓደኛ ጋር ትንሽ በእግር ሂዱ፤ ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር አውሩ። ነገ ጠዋትም ያ ኮሜንት መጻፍ ያለበት ከመሰላችሁ ያኔ ጻፉት።

እኔ እንደምገምተው ብዙዎቻችሁ አትጽፉትም። ንዴት መውጫ በር አያስፈልገውም፤ ጥቂት ጊዜ ከተሰጠው ራሱ ይበርዳል።