ማዞር ሁሉ ደም ማነስ አይደለም

አክስቴ አልጋ ላይ ወደ ቀኝ በተገላበጠች ቁጥር ቤቱ ይዞርባት ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳን አይቆይም፤ ግን ያቅለሸልሻታል፣ ግድግዳ ያስይዛታል። አንዱ «ደም ማነስ ነው» አላት፣ ሌላው «ግፊት ነው»፣ ጎረቤት ደግሞ «አትበላም እኮ!» አለች። ስድስት ወር ሙሉ ክኒን ገዛች። እወድቃለሁ ብላ ፈርታ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም መሄድ ተወች።

በመጨረሻ አንድ ፊዚዮቴራፒስት አንገቷን ዘወር አድርጎ በጀርባዋ አስተኛትና ዓይኗን ተመለከተ። ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ሌላው ጎን አዞረ፣ ቀጥሎ በጎኗ አስተኛት፣ ከዚያ ቁጭ አደረጋት። አስር ደቂቃ አልሞላም። በሳምንቱ ማዞሩ ጠፋ።

ተአምር አይደለም። በውስጠኛው ጆሯችን ሚዛን ለመጠበቅ የሚያግዙ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ከቦታቸው ተላቀው ፈሳሽ ወዳለባቸው ቱቦዎች ሲገቡ፣ እኛ ሳንዞር አንጎላችን «እየዞርክ ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ ጠጠሮቹን ከቱቦው የሚያስወጣ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ካስተዋወቀ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። ክኒን ማቅለሽለሹን ቢያስታግስም ጠጠሩን አያንቀሳቅስም።

ታዲያ ለምን አልሰማንም? ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ ነገር አለ፦ ርካሽ መፍትሔ የሚያስተዋውቀው ሰው የለውም። ክኒን አስመጪ አለው፣ አከፋፋይ አለው፣ ፋርማሲ አለው። አንድ አልጋና ሁለት የሠለጠኑ እጆች ግን ማን ያሻሽጣቸዋል? ዋጋውን የምትከፍለው ከቤት የቀረችው አክስቴ ናት።

ማዞር ሁሉ የጠጠር ነው እያልኩ አይደለም። በሌላ የጆሮ ሕመም ሚዛናቸው የተዛባ ሰዎችም በፊዚዮቴራፒ ይሻላቸዋል፤ ግን የሳምንታት ልምምድ ይፈልጋል። ከማዞሩ ጋር አፍ ከተኮላተፈ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም መራመድ ካቃተ ግን ስትሮክ ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል! ደግሞ ቪዲዮ አይታችሁ የአያታችሁን አንገት እንዳታዞሩ፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

የእናንተ ድርሻ ቀላል ነው። «ምን ስታደርጊ ነው የሚያዞርሽ? ምን ያህል ይቆያል?» ብላችሁ ጠይቁና ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱም «ከጆሮ ይሆን? ፊዚዮቴራፒስት ይያት?» በሉ። መጠየቅ እኮ ብር አያስከፍልም፤ አለመጠየቅ ግን አክስቴን ስድስት ወር አስከፍሏታል።