ሻማውም እኮ ያልቃል!

«መምህር እንደ ሻማ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» ሲባል ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። አባባሉ ያምራል። ዳሩ ግን ነገ የምንቀልጠው እኛው ዕጩ መምህራን ነንና እንጠይቅ፦ ሻማው ሲያልቅስ ማን ያበራል?

የሁለተኛ ደረጃ መምህርን የሚያደክመው ማስተማሩ ብቻ አይደለም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 60 ተማሪ ያለባቸው 5 ክፍሎች የተሰጡት መምህር 300 ደብተር ያርማል። ለአንዱ 2 ደቂቃ ቢሰጥ 10 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህ ሰዓት በፔሬድ ድልድሉ ላይ የለም፤ ከእንቅልፉና ከቤተሰቡ ላይ የሚነሣ ነው። እንዲህ ሲከርም ሥራው ይሰለቸዋል፤ ተማሪውን በስሙ መጥራት ይተዋል፤ የአምናውን ኖት ዘንድሮም ያስገለብጣል። ሰነፈ እንላለን እንጂ ጉልበቱ ተሟጦ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 በፓሪስ የጸደቀው የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመምህራን ምክረ ሐሳብ፣ የማስተማሪያ ሰዓት ሲወሰን የተማሪው ብዛት፣ የዝግጅቱና የምዘናው ጊዜ ጭምር እንዲታሰብ ይላል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ምስጋናው ይቆየን፤ እርማትም ሥራ ነውና በድልድሉ ይግባልን!