ሽጉጡ ቁጥር አለው፤ ጥይቱስ?

ባለፈው ጥር ነው። የሠርግ ወር እንደመሆኑ ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ድንኳን ተተክሎ ነበር። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ከተከራየኋት ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ነገር ዷ! ብሎ ወደቀ። የሰፈር ዱርዬ የወረወረው ድንጋይ ነው ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ግን ዝገት የበላው ቆርቆሮ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አውጥቷል፤ የአቡጀዴ ኮርኒሱ ተቀዷል፤ የእህቴ ልጅ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምታጠናበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንዲት የጥይት እርሳስ ደብተሩ ላይ ተጋድማለች። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ከዚያ ወንበር አትነሣም። ያን ማታ ብቻ እሷም ሠርጉን ልታይ ወጥታ ነበር።

እርሳሷን በሶፍት ጠቅልዬ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው መልካም ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። አገላብጦ አያትና «የሽጉጥ ናት» አለ። ተኳሹን ታውቀዋለህ? አላውቀውም። ሽጉጡንስ አይተኸዋል? አላየሁም። «ታዲያ እኔ ማንን ልጥራ?» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ጨመራት። እውነቱን ለመናገር እኔም መልስ አልነበረኝም። እኛ እንዲህ ያለችውን «ተባራሪ ጥይት» ብለን ስም አውጥተንላታል፤ ማንም እንዳላባረራት!

ቤት ስመለስ ለአከራዬ ነገርኳቸው። አከራዬ የቀድሞው ሠራዊት ሻምበል ናቸው። ማካሮቭ ሽጉጥ አላቸው፤ ፈቃዱም በእጃቸው ነው፤ ፕላስቲክ አልብሰው ከመታወቂያቸው ጋር ይዘውት ይዞራሉ።

«ሻምበል፣ ፈቃዱን ሲያሳድሱ ምን ይጠይቁዎታል?»

«ቁጥሩን ያያሉ፣ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ፣ ፎቶ ትሰጣለህ፣ ትከፍላለህ፣ አለቀ።»

«ጥይቱንስ?»

ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ጥይት እንደ ስኳር በቀበሌ ይታደላል መሰለህ እንዴ?»

«ታዲያ ከየት ያገኛሉ?»

«ከሰው።»

ይቺ «ከሰው» የምትባል ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ሻምበል ወንጀለኛ አይደሉም። ግብር ይከፍላሉ፣ ዕድራቸውን አያጓድሉም፣ ሽጉጣቸውን አስመዝግበዋል። ከተማውን ሁሉ ቢዞሩ ግን ደረሰኝ ቆርጦ ስምንት ፍሬ ጥይት የሚሸጥላቸው መደብር አላገኙም። ስለዚህ የታወቀውን «ሰው» ይጠይቃሉ፤ ያ ሰው ሌላ ሰው ይጠይቃል፤ ጥይቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣል። ያ ሻጭ ሻምበልን ብቻ አይደለም የሚያስተናግደው። ማታ ማታ በጨለማ ቅያስ ላይ የሰው ደረት ላይ ሽጉጥ የሚደግነው ዘራፊም ደንበኛው ነው። የሠርጉ ጀግናም ደንበኛው ነው። ባለፈቃዱ ሽማግሌና ዘራፊው አንድ ሰልፍ ላይ ቆመው ከአንድ ሰው ይገዛሉ ማለት ነው! መንግሥት ሽጉጡን በብርሃን ፈቀደላቸው፤ ጥይቱን ግን በጨለማ እንዲገዙ ተዋቸው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትንም አልረሳም፤ ተቆጣጣሪ አድርጎ የሾመውም ፌዴራል ፖሊስን ነው። ነገር ግን አዋጅ ሌላ፣ መስኮት ሌላ። ፈቃድ የሚታደስበት መስኮት ላይ የሚጠየቀው የብረቱ ቁጥር ነው። ብረት ደግሞ ብቻውን መዶሻ ነው፤ ቢበዛ ግንባር ይፈነክታል። ሰው የሚገድለው የጎረሰው ነው።

የጥይትን ዋጋ ድሮ ድሮ እንዲህ አንንቅም ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በደቡብና በምዕራብ አንዳንድ ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበረ። የውጅግራ ጥይት ለጠገራ ብር መመንዘሪያ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ገንዘብ ነውና ይቆጠራል፤ ማን ስንት እንዳለው ይታወቃል። ዛሬ ገንዘባችን ወረቀት ሆነ፤ ጥይቱ ግን የማይቆጠር ሆነና አረፈው።

ለምን በሽጉጥ ጥይት ላይ ሙጭጭ አልክ የሚለኝ አይጠፋም። ክላሽ አይብስም ወይ? በገጠሩ ይብሳል። ክላሽ ግን ትከሻ ላይ ይታያል፤ ከተማ ውስጥ ክላሽ ይዞ ሚኒባስ የሚሳፈር ሲቪል የለም። የከተማ መሣሪያ ሽጉጥ ነው፤ ጃኬት ሥር ይገባል፣ የመኪና ኪስ ውስጥ ይተኛል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር በኩል ሲገቡ ተያዙ የተባሉትን የቱርክ ሽጉጦች ብዛት በመንግሥት ቴሌቪዥን ደጋግመን አይተናል፤ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ፎቶ ተነሥተዋል። የተያዘው ታየ። ያልተያዘው ጥይት ይፈልጋል፤ ካላገኘ ዝም ይላል።

ይህን ጥያቄ የጠየቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። በዓለም ላይ ከሲቪል ቁጥሯ የሚበልጥ መሣሪያ አላት የምትባለው አሜሪካም ጠይቃዋለች፤ መልሱም ቀላል አልሆነላትም። አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ አሜሪካ የማወራው ለማስመሰል አይደለም፤ እነሱ የተደናቀፉበትን ድንጋይ አይተን እንድንሻገር ነው።

ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በተገደሉበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ የወጣው የፌዴራል ሕግ ነጋዴ ጥይት ሲሸጥ የገዢውን ማንነት እንዲመዘግብ ያዝ ነበር። የሽጉጥ ጥይት ከ21 ዓመት በታች ላለ፣ የጠመንጃ ጥይት ከ18 ዓመት በታች ላለ አይሸጥም ተባለ። በ1986 ግን ኮንግረስ ምዝገባውን ሰረዘው። ምክንያት? መዝገቡ ተራራ አከለ፤ ፖሊስም አልተጠቀመበትም። አንባቢ ሆይ፣ «አይጠቅምም» ከማለታችን በፊት ግን ይህችን እንይ። የሎስ አንጀለስ ከተማ በራሷ ደንብ ነጋዴዎች መዝገብ እንዲይዙ ታደርግ ነበር። በ2004 ተመራማሪዎች የሁለት ወር መዝገብ ገልጠው የገዢዎቹን ስም ከወንጀል ሪከርድ ጋር አመሳከሩት። በእነዚያ ሁለት ወራት ከተሸጠው 436,956 ፍሬ ውስጥ ከ10 ሺህ በላዩን የገዙት ሕግ ጥይት እንዳይነኩ የከለከላቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ። ስማቸውን ሰጥተው፣ ፈርመው! ለካ መዝገቡ አልነበረም የማይጠቅመው፤ የሚገልጠው ሰው ነው የጠፋው።

ካሊፎርኒያ ከዚህ ተነሥታ በ2009 በአገረ ገዥው በአርኖልድ ሽዋርዘኔገር ፊርማ (አዎ፣ የፊልሙ ሰውዬ) የሽጉጥ ጥይት ገዢ መታወቂያ እንዲያሳይና የአውራ ጣት አሻራ እንዲሰጥ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ሕጉ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በጃንዋሪ 2011፣ የፍሬስኖ ፍርድ ቤት አፈረሰው። ዳኛው ያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «የሽጉጥ ጥይት» ማለት የትኛው ነው? አንዷ ፍሬ ለሽጉጥም ለጠመንጃም ስትገባ ነጋዴው በምን ይወቅ? ሕጉ አልመለሰም። ከዚያ በ2016 ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ፣ ከጁላይ 2019 ጀምሮ የሽጉጥም ሆነ የጠመንጃ ጥይት ገዢ በተገዛ ቁጥር ሪከርዱ እንዲታይ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥይት ሊገዙ ከሄዱት ውስጥ ከመቶ 16 ያህሉ የተመለሱት ወንጀለኛ ሆነው ሳይሆን አድራሻቸው ወይም ስማቸው ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ብሎ ነው። በጁላይ 2025 ሦስት የይግባኝ ዳኞች ተቀምጠው 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ ይህኛውንም ሕግ ከሕገ መንግሥታቸው ጋር ይጋጫል አሉት፤ ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጠለ።

እስቲ ከመቶ 16ን ወደኛ አገር እናምጣት። ኮምፒዩተር ባላቸው አገር ይህ ከሆነ፣ አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ በሚጽፍበት፣ የአያት ስም በየመሥሪያ ቤቱ በሚለዋወጥበት አገር ስንቱ ሻምበል ከመስኮቱ ይመለስ ይሆን? ይህ ቀልድ አይደለም። እኔ ራሴ በዲፕሎማዬና በመታወቂያዬ መካከል ባለች አንዲት «ሐ» ምክንያት ሁለት ወር ተመላልሻለሁ።

ዳኛው ያነሡት ጥያቄ ግን እኛ አገር ቀላል ነው። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሚሊሜትር ነው፤ አጭር፣ ድቡልቡል። የክላሽ ጥይት 7.62 በ39 ነው፤ ረጅም፣ አንገት ያለው። ገበያ የሚላክ ልጅ እንኳን አያምታታቸውም። ዕድሜ የጠገበው ፔፔሻ ከቶካሬቭ ሽጉጥ ጋር አንድ ጥይት ይበላል፤ እሱም ቢሆን አብሮ ቢመዘገብ ማን ይከፋዋል? ስለዚህ የእኛ ሰዎች «አስቸጋሪ ነው» ሲሉኝ አልሰማቸውም።

እኔ የምለው ይሄ ነው። ሽጉጥ የሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ጥይቱንም እዚያው ይሽጥ፤ ያው መስኮት፣ ያው መዝገብ። ለሻምበል ሁለት ካርታ የሚሞላ 16 ፍሬ በደረሰኝ ይሰጣቸው። ደቡብ አፍሪካ በሕጓ ለአንድ ፈቃድ ያለው መሣሪያ 200 ፍሬ ነው ጣሪያው፤ የእኛ ከዚያ ማነሱ አይገርምም። ፈቃዱን ሲያሳድሱ ጥይቱ ይቆጠር። የተተኮሰ ካለ ቀለሁ ይመለስ፣ የት እንደተተኮሰ ይጻፍ፣ ምትኩ ይሸጥላቸው። ያኔ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚለቀው ባለፈቃድ ነገ «ስምንቱ የት ደረሱ?» እንደሚባል ያውቃል። ዘራፊው ከ«ሰው» መግዛቱን አይተው ይሆናል። ነገር ግን የ«ሰው» ንግድ ከዘራፊ ብቻ በሚገኝ ገንዘብ እንዴት እንደሚቆም አያለሁ። ሐቀኛው ደንበኛ ከሰልፉ ሲወጣ ሻጩም ብርቅ ይሆናል፣ ለፖሊስም ይታያል።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባወራው ተቆጣ። «አንተ የዋህ! ዛሬ ጥይት አስመዝግብ ይሉሃል፣ ነገ መዝገቡን ይዘው ትጥቅ ሊያስፈቱህ ይመጣሉ። ለማን እንደሚቆጥሩና ለማን እንደማይቆጥሩ አታውቅም?» አለኝ። አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በዚህ አገር አንዱ ትጥቅ ሲፈታ ሌላው ሲታጠቅ በየዘመኑ አይተናል። የብረቱ ቁጥር ግን አስቀድሞ እጃቸው ላይ ነው፤ ሊመጡ ከፈለጉ ጥይቱን መቁጠር አያስፈልጋቸውም።

ባልደረባዬ ትክክል የሆነበት ሌላ ቦታ አለ። መዝገቡ ወደ ታች ብቻ ሊሆን አይችልም። ጥይት ማምረት በዚህ አገር የመንግሥት ሥራ ነው፤ አምቦ አካባቢ ያለው የሆሚቾ ፋብሪካ የመንግሥት ነው። ከውጭ በሕግ የሚገባውንም የሚያስገባው መንግሥት ነው። እንግዲህ በ«ሰው» እጅ ያለው ጥይት ወይ በድንበር ሾልኮ የገባ ነው፣ ወይ ከመንግሥት መጋዘን የወጣ ነው። ሦስተኛ መንገድ ካለ ይነገረን። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነቱ ሲፈነዳ ካምፖች ከነመጋዘናቸው ከእጅ ወደ እጅ ተዛውረዋል፤ በዚያ ውስጥ የወጣውን ማን ቆጠረው? ጦርነት ባይኖርስ ከየጣቢያው፣ ከየሚሊሻው ዝናር በአንድ በሁለት ፍሬ የሚወርደውን ማን ይቆጥራል?

መቁጠር ደግሞ ይቻላል። ቀለህ አንሥታችሁ ቂጡን እዩት፤ የፋብሪካ ምልክትና የተሠራበት ዓመት በአብዛኛው ታትሞበታል። ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ ሁሉ የሚለቀመው ቀለህ ተመዝግቦ በዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህሉ የውጭ፣ ይህን ያህሉ የራሳችን መጋዘን ነው ተብሎ ለተወካዮች ምክር ቤት ቢቀርብ፣ ሻምበልን «ስምንቱን አምጣ» ለማለት አፍ ይኖራቸዋል። ሹማምንቱ የራሳቸውን ሳይቆጥሩ የእኛን እንቁጠር ካሉ ግን ያ ባልደረባዬ እንዳለው ነው።

ተረኛው ፖሊስ መሳቢያ ውስጥ የጨመራት እርሳስ ናት፤ ቀለሁ የቀረው ድንኳኑ ደጃፍ ነው። በማግሥቱ ሄጄ ፈልጌ ነበር። ሁለት አገኘሁ፤ የሰፈር ልጆች እንደ ፊሽካ ሊነፏቸው ቀድመውኝ ስድስት ለቅመዋል። ሁለቱን ይዤ ጣቢያው ብመለስ ሌላ ተረኛ ነበር፤ «የትኛዋ እርሳስ?» አለኝ።

ሻምበል ፈቃዳቸውን የሚያሳድሱት ሰኔ ላይ ነው። አብሬዎት ልሂድ ብያቸዋለሁ። «ና፤ ግን መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ እንዳታስጨንቅብኝ። የምትጠይቀው ካለህ ፎቅ ውጣ» አሉኝ። እሺ፣ ፎቅ እወጣለሁ። ሁለቱን ቀለሆች በኪሴ ይዣለሁ። የእህቴ ልጅ ጠረጴዛዋን ወደ ጥግ አስጠግታዋለች፤ ቆርቆሮውን በማስቲሽ ደፍነነዋል፤ ዝናብ ሲበዛ ግን አሁንም ያንጠባጥባል።