«ኖስታልጂያ» ትዝታ አይደለም

በትርጉም ሥራም ሆነ በቴአትር ሂስ «ኖስታልጂያ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ባጋጠመ ቁጥር «ትዝታ» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ልማዱ ከዕውቀት ሳይሆን ከቸልተኝነት የመነጨ ነው።

ቃሉ የተወለደው ከባለቅኔ ብዕር ሳይሆን ከሐኪም ጠረጴዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የ19 ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ በስዊዘርላንድ ለባዝል ዩኒቨርሲቲ በላቲን ባቀረበው ጽሑፍ፣ መመለስንና ሕመምን የሚገልጹ ሁለት የግሪክ ቃላትን አጋጥሞ ፈጠረው። የበሽታ ስም መሆኑ ነው። በሽታው ከሁሉ አብልጦ የተወራው ለባዕዳን ነገሥታት በቅጥር ስለሚዘምቱት ስዊዛውያን ወታደሮች ነበር። በ1705 ሾይክዘር የተባለው ሊቅ ምክንያቱን በአየር ግፊት አሳበበ፤ ከተራራ የወረደ ሰው ደሙ ይታወካል ሲል። የድሃ ገበሬ ልጅ በሰው ጦርነት ደሙን እንዲያፈስ ማን ሸጠው የሚለው ጥያቄ ግን ከአየሩ ጋር ተነነ! ሩሶ በ1768 ባሳተመው የሙዚቃ መዝገበ ቃላት፣ የላም እረኞችን ዜማ በእነዚህ ወታደሮች መካከል ማሰማት በሞት ያስቀጣ እንደነበር ጽፏል። (ዜማን ይህን ያህል የፈራ አዛዥ ለከያኒ ታላቅ ምስክር ነው።) ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነትም የሰሜኑ ጦር ሐኪሞች ከ5 ሺህ በላይ የኖስታልጂያ ሕሙማን መዝግበዋል።

የዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሁሉ ረስቷል። ስለ ልጅነቱ ከረሜላና ስለ አሮጌ ሸክላ ሲያወራ ቃሉን እንደ ዋዛ ይጠቀምበታል። የአገር ሕመም የነበረው የዘመን ስስት ሆነ፤ ነጋዴውም ያረጀውን ፋሽን በአዲስ ዋጋ ይቸረችርበታል።

ትዝታ ግን ሌላ ነው። ከቅኝቶቻችን አንዱ መሆኑ ይቆይና፣ ጣፋጩንም መራራውንም ይይዛል፤ ግፍም ትዝ ይላል። ኖስታልጂያ ያለፈውን አጥቦና አጣጥቦ፣ ሽቶ ረጭቶ ያቀርባል። ለሆፈር ሕሙማን የሚስማማው ቃል «የአገር ናፍቆት» ነበር።

ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ቆልፎባት በቤይሩት በሰው ቤት የምታለቅስ ወጣት መድረክ ላይ ስትታይ፣ ሃያሲው «ጥልቅ ኖስታልጂያ» ብሎ ያደንቃል። ተመልካቹም ጣፋጭ ኀዘን ተጎንጭቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ሳይጠይቅ። ያ የ19 ዓመት ተማሪ እንኳ ሌላው መድኃኒት ሁሉ ካልሠራ ሕመምተኛው ሳይውል ሳያድር ወደ አገሩ ይላክ ብሎ ነበር።